የጸሎተኞቹ ውሃ

ሹፌሩ እናቱን ሲሰናበታቸው የመኪናው ሞተር ደጅ ላይ እየተንደቀደቀ ነበር። ሲሚንቶ አራግፎ፣ ወደብ ወርዶ፣ ሌላ ጭኖ፣ ድንበር ላይ ወረፋ ጠብቆ መቼ እንደሚመለስ እሱ ራሱ አያውቀውም። እናቱ ደም ግፊት ጥሏቸው የቀኝ ጎናቸው ከሞተና አንደበታቸው ከተያዘ ወራት አልፈዋል። የምትታዘዝላቸው ግራ እጃቸው ብቻ ነበረች። በእሷ የልጃቸውን አገጭ ዳበስ ዳበስ አደረጉት፤ እሱም እንባውን ዋጥ አድርጎ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«እናቴን አደራ» አላት። «ስመለስ በሕይወት ላግኛት። ሌላ ምንም አልልሽም።»

«ምን ሆነው ነው የማታገኛቸው? ተነሥተው በር ሲከፍቱልህ ነው የምታየው። እየጸለይንላቸው እኮ ነው።»

ይህን ስትል አልዋሸችም። ይጸልያሉ። ለጸሎትማ በዚያ ሰፈር እሷን የሚያህል አልነበረም። ሥራዋ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም መስፋት ነው፤ የስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት ክፍል መስኮቱ ሥር ተተክሏል፤ እግሯ ፔዳሉን ሲረግጥ አፏ ይጸልያል። ክር ሲበጠስባት እንኳ የምትቀጥለው በኢየሱስ ስም ነው። በጸሎት ኅብረታቸው ውስጥ ሰው ሲታመም፣ ሥራ ሲያጣ፣ ልጅ ሲጠፋበት መጀመሪያ የሚጠራው እሷን ነው። ስትጀምር ቀስ ብላ ነው፤ ከዚያ ድምፅዋ ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄዶ የደነደነውን ሁሉ ያስለቅሳል። ይህ ስጦታ ነው፤ አንክድባትም።

አማቷ ግን ገና ደህና ሳሉ ስም አውጥተውላት ነበር። «ሬዲዮ» ይሏታል። «ሬዲዮዋ ዛሬ በጠዋት ተከፍታለች» ይላሉ ከጓዳ ብቅ ብለው። ወይም ደግሞ፣ «ልጄ፣ ባትሪ አያልቅብሽም እንዴ?» ይሏታል። እሷም ከአንገት በላይ ትስቃለች፤ ነገሩን ግን ሆዷ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ምክንያቱም አማቷ በእሷ መለኪያ ገና ያልዳኑ ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ ነው የጨረሱት። ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ስብከቱ ሳይጋመስ ያንቀላፋሉ። ጸልዩ ሲባሉ «አባታችን ሆይ» ብለው ይጀምሩና መሐል ላይ ሲጠፋቸው «ቀሪውን እሱ ያውቀዋል» ብለው ይቀመጣሉ። ምራታቸው በዚህ ስንት ጊዜ አፍራለች።

ሹፌሩ በሄደ ሰሞን ችግር አልነበረም። አንዲት አስታማሚ በየቀኑ እየመጣች አሮጊቷን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታገላብጣለች። ክንደ ብርቱ፣ አፈ ቁጥብ ሴት ናት። አንድ ጠዋት ግን ሌላ ከተማ ያለ ልጇ በጠና መታመሙ ተነገራትና ቦርሳዋን እንኳ በቅጡ ሳትዘጋ ልትሄድ ተነሣች። ደፉ ላይ ቆማ አደራ አለች።

«ከጎን ወደ ጎን አገላብጫቸው። ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ማታም። በጀርባቸው አትተያቸው። ውሃ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ስጫቸው፤ በማንኪያ፣ ቀና አድርገሽ።»

«እሺ እሺ፣ አንቺ ብቻ ልጅሽ ጋ ድረሽ» አለች ምራት፤ ይህን ስትል በመቀሷ ሰማያዊ ጨርቅ እየቀደደች ነበር። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ ያልተሰፋው ልብስ ከጥግ እስከ ጥግ ተከምሯል።

የዚያን ቀን ሞከረች። አንሶላውን ስትገልጥ የሽንቱ ሽታ ግንባሯን መታት። አማቷን በትከሻቸው ይዛ ልትገፋቸው ብትል እንደ እርጥብ አሸዋ ከበዷት። የሌሊት ልብሳቸው ወደ ላይ ተሰብስቦ ገላቸው ራቁቱን ወጣ። እሳቸውም ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምራት ቶሎ ብላ ሸፈነቻቸውና እጇን በሳሙና፣ ደግማ በሳሙና ታጠበች። ነገ እለምደዋለሁ አለች። ነገም አለች፣ ከነገ ወዲያም አለች። ጠዋትና ማታ ሾርባ በማንኪያ ታቀምሳቸዋለች፤ ከሥር ያለውን ጨርቅ ዓይኗን ጨፍና ስባ ትቀይራለች፤ እዚያው ላይ ያበቃል።

ውሃውስ? ውሃ ሲበዛ አልጋው ይረጥባል። አልጋው ሲረጥብ አንሶላ መቀየር ይመጣል። አንሶላ ሲቀየር መንካት ይመጣል። ይህን ለራሷ እንኳ አፍ አውጥታ ሳትናገረው ማንኪያውን ቀነሰች።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር እየሠራ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል ትሉ ይሆናል። እሷን ወስዷታል። የማትችለውን ነገር በምትችለው ተክታዋለችና። ኅብረቱን ጠራች።

የኅብረቱ ሰብሳቢ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያላት፣ ረዘም ያለች፣ ማዘዝ የሚያምርባት ሴት ናት። ነገሩን ስትሰማ አልዘገየችም። ከጠዋት እስከ ማታ የማይቋረጥ የሰንሰለት ጸሎት ታወጀ፤ ሴቶቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ እንዲተካኩ ተደለደሉ። የጓዳው ክፍል ጠባብ ስለሆነ ወንበሮቹ ከአልጋው ጋር ተጠጋግተው ተደረደሩ። በአልጋው ራስጌ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የመስታወት ጆግ በውሃ ተሞልቶ ከነብርጭቆዎቹ ተቀመጠ። ረጅም ጸሎት ጉሮሮ ያደርቃል፤ ውሃው ለጸሎተኞቹ ነው።

በክፋት የመጣች አንዲት ሴት አልነበረችም፤ ይህ ልብ ይባልልኝ። ሥራቸውን ዘግተው፣ ልጆቻቸውን ለጎረቤት ጥለው ነው የመጡት። ሲገቡ የአሮጊቷን ግንባር ይስማሉ፤ ከዚያ ይቀመጣሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሁሉም ሌላዋ የምታገላብጣቸው ይመስላታል። ለነገሩ ምራቲቱ እዚያው ቤት አለች አይደል? እሷን የመሰለች የእግዚአብሔር ሰው እያለች ማን ስለ አንሶላ ይጠይቃል?

«ጌታ ሆይ፣ እጅህን ዘርጋ» ትላለች ምራት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ዳስሳት። አንተ ራስህ ዳስሳት።» የራሷ እጆች ጉልበቷ ላይ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ሰብሳቢዋ በጸሎት ላይ ሳለች፣ አሮጊቷ ግራ እጃቸውን አነሡ።

ቀስ ብላ ነው የተነሣችው፤ እየተንቀጠቀጠች፤ መዳፏን ዘርግታ። መጀመሪያ ያየችው ሰብሳቢዋ ነበረች። ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ከዚያ አለቀሰች። «እዩ፣ እጃቸውን አነሡ። እያመለኩ ነው። እኚህ ሴት እያመለኩ ነው» አለች። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እነዚህ ሴቶች ጌታን ሲያመልኩ እጃቸውን ያነሣሉ፤ ስለዚህ የተነሣ እጅ ሲያዩ ሌላ ትርጉም ሊመጣላቸው አልቻለም። ምራትም አማቷን አቅፋ አለቀሰች። ያቀፈቻቸው በብርድ ልብሱ ላይ ነው።

ባሏ ጋ ተደወለ። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ከኋላው የመኪና ጡሩንባ ይሰማል። «እናቴ?» ይላል ደጋግሞ። «የእኔ እናት? እጇን አነሣች?» ከዚያ ድምፁ ታፈነ። አፉን በእጁ ይዞ እያለቀሰ እንደሆነ ገባት። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ አስደስታው አታውቅም ነበርና ደረቷ ሞቀ።

ወሬው ወጣ። ጸሎተኛው በዛ። እጅየዋም በየቀኑ ትነሣ ጀመር፤ በተነሣች ቁጥር ዝማሬው ይደምቃል። ሽታው ግን እየባሰ ሄደ። ሽንት ብቻ አይደለም አሁን፤ ውስጡ ጣፋጭ የሆነ፣ የበሰበሰ ነገር ይሸታል። ሰብሳቢዋ «አይዟችሁ፣ በሽታው ሲወጣ ነው የሚሸተው» አለች፤ አንዷ ሽቶ አምጥታ መጋረጃውን ረጨች። ምራት አማቷ በጀርባቸው እንደተኙ መሰንበታቸውን ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ የልጇን ዩኒፎርም ልትወስድ የመጣች ደንበኛ በሩን አንኳኳች። ምራት ከጸሎቱ መሐል ተነሥታ ልብሱን ሰጠቻትና ተመለሰች። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኗል፤ እሷ ግን በሩ ላይ ስለነበረች ዓይኗ ክፍት ነበር።

ሰብሳቢዋ ጸሎቷን ገታ አድርጋ ከጆጉ ውሃ ቀዳች። እጅየዋ ተነሣች። ሰብሳቢዋ ጠጣች፤ አሮጊቷ ጉሮሮዋን ያያሉ። የእሳቸውም ጉሮሮ ባዶውን አብሮ ይውጣል። ሰብሳቢዋ ጆጉን ወደ ጠረጴዛው አልመለሰችውም፤ ከአልጋው ግርጌ ላለችው ሴት አቀበለቻት። እጅየዋም ጆጉን ተከትላ ወደ ግርጌው ዞረች። ሴቲቱ ቀድታ ስትጨርስ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። እጅየዋ ወደ መስኮቱ ሄደች። እዚያው አየር ላይ እየተንቀጠቀጠች ቆየች፤ ከዚያ ደክሟት አልጋው ላይ ወደቀች።

«አሜን» አሉ ሴቶቹ።

ምራት በሩን ተደግፋ ቆመች። ስንቴ ተነሥታ ነበር ይህች እጅ? ስንቴስ እልል አሉላት?

በወንበሮቹ መሐል አልፋ ጆጉን ከመስኮቱ አነሣች። የአማቷን ራስ በክንዷ ቀና አድርጋ ብርጭቆውን ከንፈራቸው ላይ አደረገች። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። አሮጊቷ ብርጭቆውን በጥርሳቸው ያዙት። ውሃው በአገጫቸው ይወርዳል፤ ያንቃቸዋል፤ ያስላቸዋል፤ ደግመው ይጠጣሉ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እህቴ፣ ጸሎቱን አታቋርጪ» አለች ሰብሳቢዋ በለሆሳስ። «ጠላት ነው እንዲህ የሚረብሽሽ።»

«ወዲህ ነይና እግራቸውን ያዥልኝ።»

«እንዴ፣ ለምን?»

«ላገላብጣቸው ነው። ያዥልኝ ብዬሻለሁ።»

ሰብሳቢዋ መጥታ ያዘች። ምራት ብርድ ልብሱን ገፈፈች፤ ትከሻቸውን ይዛ ወደ ራሷ ሳበች። አንሶላው ከጀርባቸው ጋር ተጣብቆ አብሮ መጣ። ሲላቀቅ የሰማችውን ድምፅ አሁንም ድረስ ትሰማዋለች። ወገባቸው ላይ መዳፍ የሚያስገባ ቁስል ተከፍቷል፤ ዳሩ ጠቁሯል፤ ከውስጡ ነጭ ነገር ይታያል። ሰብሳቢዋ እግራቸውን ለቀቀችና አፏን ይዛ ወጣች፤ ግቢው ውስጥ ቧንቧው ጋ ስታስመልስ ተሰማ። ሌሎቹም ቦርሳቸውን አነሡ። አንደኛዋ ብቻ ጤና ጣቢያ ሮጣ ነርስ ይዛ መጣች።

ነርሱ ወጣት ሰው ነው። ቁስሉን አየ፣ ትኩሳታቸውን ለካ፣ ጓንቱን አወለቀ። ምራትን ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ጠርቶ በተከመሩት ዩኒፎርሞች መሐል ቆሞ ነገራት። «አጥንት ደርሷል። መርዙም ደማቸው ውስጥ ገብቷል። ሆስፒታል ልውሰድ ካልሽ አልከለክልሽም፤ መንገዱን ግን የሚችሉት አይመስለኝም።» ከዚያ የሚታጠብበትን መድኃኒትና ፋሻ ሰጣት። እየወጣ ሳለ ዞር ብሎ፣ «ማን ነበር የሚያስታምማቸው?» አላት።

«እኔ» አለችው።

ባሏ ጋ ደውላ ቶሎ ና ብቻ አለችው። ለምን እንደሆነ አልነገረችውም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ያጠበቻቸው እሷ ናት። መጀመሪያ ላይ በአፏ እየተነፈሰች፣ እያቅለሸለሻት ነበር፤ አንዴ ጎድጓዳ ሳህኑ ላይ አስመልሳ ሳህኑን አጥባ ተመለሰች። ሰው የተኛበትን አንሶላ እንዴት እንደሚቀይሩ አታውቅም ነበር። ከዚያ እጇ ራሱ አስታወሳት። ወደ አንድ ጎን ታዞራለህ፤ አሮጌውን አንሶላ ጠቅልለህ ጀርባው ሥር ትሸጉጣለህ፤ አዲሱን ዘርግተህ ወደዚያ ትመልሳለህ። ይህን ያደረጉላት አማቷ ነበሩ። የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ የተወለደ ጊዜ እዚሁ ቤት በደም ተነክራ ተኝታ ነበር። ኅብረቱ መጥቶ ሲያጽናናት አማቷ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ውሃ አፍልተው ገቡ፣ ጭኗን አጠቡ፣ አንሶላዋን ቀየሩ፣ የደም ጨርቁን በባልዲ ይዘው ወጡ። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ። እሷ ግን ለዓመታት ስትቀየማቸው የኖረችው ያኔ አንድ የማጽናኛ ቃል አልወጣቸውም፣ አንድ አሜን እንኳ አላሉም ብላ ነው።

አንድ ጠዋት ፋሻውን ስትጨርስ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለቻቸው። አሮጊቷ አላዩዋትም። ዓይናቸው ጆጉ ላይ ነበር። ስለዚህ ተነሥታ ውሃ ሰጠቻቸው። ይህን ሁሉ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ ድምፅ አውጥታ እንዳልጸለየች ያስተዋለችው ያኔ ነው፤ አልከፋትም፣ ደስም አላላትም።

እሳቸውም አንድ ማለዳ ማንኪያው አፋቸው ውስጥ እያለ አረፉ። ያልዋጡት ውሃ በከንፈራቸው ዳር ወረደ።

ሹፌሩ ቀትር ላይ ደረሰ። ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ነበር። ሰብሳቢዋ ቀድማ አገኘችው፤ አቅፋው አለቀሰች፤ ከዚያም ነገረችው። ያየችውን ቁስል አይደለም። እሱን የምትናገርበት አቅም አልነበራትም። የነገረችው ስለ እጅየዋ ነው። እንዴት እንደተነሣች፣ እንዴት ቀን በቀን እንዳመለኩ፣ እንዴት ቤቱ በመንፈስ እንደተሞላ። በቀብሩም ላይ ይህን ምስክርነት ምራቲቱ ራሷ እንድትናገር ኅብረቱ ተስማምቷል አለችው። ሹፌሩ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ሲገልጠው እንባ በእንባ ሆኖ እየሣቀ ነበር።

«በቃ ድናለች» አለ። «ለእኔ ይሄ ይበቃኛል።»

ሚስቱ ጓዳውን ከውስጥ ዘግታ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ አዘጋጅታለች። አስከሬኑን ማንም እንዲነካባት አልፈለገችም። እሱ ሲያንኳኳ ግን ከፈተችለት። ገብቶ የእናቱን ግንባር ሳመ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሲያያት በምስጋና ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ» አላት። «በሕይወት ባላገኛትም አደራዬን ጠብቀሻል። ሁሉንም ነገሩኝ። ግን ካንቺ አፍ ልስማው። እውነት እጇን አነሣች?»

አንዲት ቃል ናት የሚፈልገው። አዎ ብትለው እስኪሞት ድረስ በእሷ ይጽናናል፤ ትዳሯም ስሟም ባለበት ይኖራል። ደግሞ ውሸት እንኳ አይሆንም፤ እጅየዋ በእርግጥ ተነሥታለች። ሬዲዮ የተባለችው ሴት ቃል አጥሯት አያውቅም ነበር። ገበቴውን አስቀምጣ ወደ እሱ ዞረች።

«አነሡ» አለችው። «ውሃ ሲለምኑን ነበር።»

አልገባውም። አብራርታ ነገረችው። ስለ ጆጉ፣ ስለ ማንኪያው፣ ስላላገላበጠቻቸው፣ ስለ ቁስሉ። ጸሎተኞቹን አልወቀሰችም፤ «እኔ ነኝ ውሃውን የቀነስኩት» አለች። ስታወራ ፊቱ ቀስ በቀስ ሲጠፋ ታየዋለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አስታማሚዋ ከሄደች ጀምሮ።»

«ያን ቀን ስትደውሉልኝ… እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ሳለቅስ፣ እሷ ውሃ ጠምቷት ነበር?»

«አዎ።»

ውጪ ሴቶቹ ዝማሬ ጀመሩ። ሰብሳቢዋ ናት ያወጣችው፤ ድምፅዋ ከሩቅ ይለያል።

«ለምን ነገርሽኝ?» አላት ሹፌሩ ወለሉን እያየ። «እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ባትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«እሳቸው መናገር አልቻሉማ።»

ተነሣ። ይመታኛል ብላ ጠበቀች፤ ወይም በሩን በርግዶ ይወጣል። እሱ ግን ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለ፤ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቀለለ።

«በየት በኩል ልያዛት?» አለ።

ትከሻቸውንና ዳሌያቸውን አሳየችው። ያዘ፤ ወደ ራሱ አዞራቸው። ጀርባቸውን ሲያየው ከጉሮሮው አንድ ድምፅ ወጣ፤ እጁን ግን አልለቀቀም። ሚስቱ ፎጣውን ነክራ ጨመቀችና ከቁስሉ ዳር ጀምራ ማጠብ ያዘች። እስክትጨርስ ድረስ እናቱን ደግፎ ቆመ፤ ቀና ብሎ ግን አንድ ጊዜም አላያትም።